ወደ ደረት ክፍተት የሚሰጥ መርፌ ምንድን ነው?

ለቤተ ሙከራ አይጦች በደረት በኩል ንጥረ ነገር ይሰጣል ሲባል ብዙ ሰው ሳንባው የሚወጋ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሳንባን ከውጭ የሚያለብስና የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍን፣ ፕሉራ የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ በሁለቱ ገጽታዎቹ መካከል ጥቂት ማለስለሻ ፈሳሽ ያለበት እጅግ ጠባብ ክፍተት ይገኛል፤ መርፌው የሚፈልገውም ይህንኑ ክፍተት ነው።

በአዲስ አበባ መሀል፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚሠሩ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በአይጦች ላይ ሲፈትሹ ብዙውን ጊዜ በአፍ ይሰጣሉ፤ በአፍ የተሰጠው ግን በአንጀትና በጉበት አልፎ ነው ደረት የሚደርሰው። ጥያቄው ስለ ፕሉራ በሽታ ሲሆን ንጥረ ነገሩን በቀጥታ ቦታው ላይ ማድረስ ያስፈልጋል። ለአገራችን ደግሞ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ቲቢ በደረት ክፍተት ፈሳሽ የሚያጠራቅምባቸው ሕሙማን ጥቂት አይደሉምና።

አሠራሩ እጅን የሚፈትን ነው። እንስሳዋ በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ ጎኗ ተላጭቶ በፀረ ተዋሲያን ይጸዳል። መርፌው በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል፣ የታችኛውን አጥንት የላይ ጠርዝ ተጠግቶ ይገባል፤ ምክንያቱም በየአጥንቱ የታች ጠርዝ ሥር የደም ሥሮችና ነርቭ ያልፋሉ። ሳንባው እንዳይበሳ ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ይመረጣል። በክፍተቱ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ ስሪንጅ ያልተገጠመለት መርፌ አየር ያስገባና ሳንባው ይኮማተራል። 25 ግራም ገደማ ለምትመዝን አይጥ የሚሰጠው መጠንም 0.1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው።

ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣው ካራጊናን በዚህ መንገድ ሲሰጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብግነት ይነሣል፤ ተመራማሪውም የተጠራቀመውን ፈሳሽ ሰብስቦ መጠኑን ይለካል፣ ነጭ የደም ሕዋሳቱን ይቆጥራል፣ የፀረ ብግነት መድኃኒትን ኃይልም በዚያ ይመዝናል። በ1960ዎቹ ደግሞ ዋግነር የተባለው ተመራማሪ አስቤስቶስ የተባለውን ቃጫ መሰል ማዕድን በአይጦች ደረት ክፍተት ጨምሮ ሜሶቴሊዮማ የተባለውን የፕሉራ ካንሰር አስነሥቷል። ውጤቱ ከባድ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ሰው አስቤስቶስን የሚያገኘው በመተንፈስ ስለሆነ፣ ምን ያህሉ ጎጂ እንደሆነ ከዚህ ሙከራ ብቻ ማስላት ተገቢ አይመስለኝም።

መርፌው ራሱ ፕሉራን ስለሚያስቆጣ፣ ለማነጻጸሪያ የጨው ውኃ ብቻ የተሰጠው ቡድን የሌለበትን ሙከራ ማመን ያስቸግራል። ከመርፌው በኋላም አተነፋፈሷ የከበደ አይጥ እስከ ሙከራው ፍጻሜ እንድትሠቃይ መተው የለባትም፤ መቼ ከሥቃይ እንደምትገላገል አስቀድሞ በዕቅዱ መጻፍ አለበት።