የዓሣው ክንፍ ለምን ያልቃል? ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖሩት። ሳሎናቸው ውስጥ 40 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዝተው 4 ጎልድፊሽ ጨመሩበት። በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ኧረ ልጄ፣ የዚህ ዓሣ ጭራ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፉ ተዘነጣጠለ። ምን ጉድ ነው?»

«አክስቴ፣ ውኃውን መቼ ቀየሩት?»

«ትናንት ነዋ! ሙልጭ አድርጌ፣ ዕቃውንም በሳሙና አጥቤ።»

ኩራታቸው በስልክ ይሰማል። እኔ ግን ምን እንደተፈጠረ ገባኝ። ክንፍ የምለው «ክንፍና ቅርፊት ያለው» ሲባል የምንሰማውን፣ ዓሣው የሚቀዝፍበትን ነው። እሱ መሸርሸር ሲጀምር ሁሉም የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ውስጥ ነው።

«ንጹሕ እንዲሆን ሁሉንም አውጥቶ ማጠብ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዓሣ ቆሻሻውን በብዛት የሚያስወጣው በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል፣ በአሞኒያ መልክ ነው። አሞኒያ ስንጥቡንም ክንፉንም ያቃጥላል። የተቃጠለው ቦታ ላይ ደግሞ ድሮም ውኃው ውስጥ የነበሩ ባክቴሪያዎች ገብተው ያበሰብሱታል።

ይሄን አሞኒያ የሚያጠፉት ሌሎች፣ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። እሱም መርዝ ነው። ቀጥሎ ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ለአክስቴ ይሄን በባክቴሪያ ቋንቋ ማስረዳት አልሆነልኝም። «እርሾ ነው» አልኳቸው። «እርሶ ያጠቡት እርሾውን ነው። እርሾውን ደፍተው በማግሥቱ እንጀራ ሊጋግሩ ነው የተነሡት።» ወዲያው ገባቸው።

ስለዚህ በሳምንት አንዴ ከውኃው ሩቡን ብቻ መቀየር ይበቃል። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቧንቧ ሥር አይሆንም። ሳሙናና በረኪናማ ከነጭራሹ አይታሰብም። በነገራችን ላይ 4 ጎልድፊሽ በ40 ሊትር ብዙ ነው። ሻጩ ግን «ይበቃቸዋል» ብሏቸዋል፤ ምን ያድርጉ።

«ውኃው ጥርት ብሎ የለ?»

አሞኒያ ቀለም የለውም። ዓሣ በሚጎዳው መጠን ሽታውም አይታወቅም። መለኪያ ካገኛችሁ ለኩ። ከዜሮ ካለፈ ከውኃው ከፊሉን ቀይሩ፣ ምግብም ቀንሱ።

«ሰው የሚጠጣው ውኃ ዓሣን ምን ያደርገዋል?»

ያደርገዋል እንጂ። ለእኛ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል፣ እርሾውንም ይገድላል። ውኃውን በባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን ማሳደር ነው። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ከሆነ ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም።

«እንግዲያው ከጣና መቅዳት ነው»

ይሄን የሚሉኝ ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ ናቸው። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ቆሻሻው ይሳሳል። ባልዲ ሙሉ ሲቀዳ ግን ጥገኛ ተሕዋስያን አብረው ይመጣሉ። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ እንዳለበትም አትርሱ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ገንዳችሁ ውስጥ ገብቶ እጃችሁን ስትከቱ አስቡት።

አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ አበባው አማረኝ ብሎ እንቦጭ አምጥቶ ገንዳው ላይ አንሳፈፈ! ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን እያስጨነቀ ያለውን አረም ሳሎን አስገባው ማለት ነው። የሰለቻችሁን ዓሣ ጣና ላይ መልቀቅም ያው ነው። እዚያ ያሉት አንዳንዶቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሌላ የትም የሉም።

«ቴትራሳይክሊን በትኖ ማየት ነው»

ቆይ፣ መጀመሪያ ክንፉን ቀርባችሁ እዩት። ጫፉ ተዘነጣጥሎ ዳሩ የነጣ ወይም የቀላ ከሆነ መበስበስ ነው። ግማሽ ክብ ሆኖ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ሌላ ዓሣ ነክሶት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መለያየት ነው። ዓሣው ውኃው አናት ላይ ወጥቶ የሚያለከልክ ከሆነ አሞኒያ ወይም የአየር እጥረት ጠርጥሩ።

ቴትራሳይክሊን ማዕድን በበዛበት፣ ሳሙና በማያረፋ ውኃ ውስጥ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። እርሾውንም ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒት የሚታሰበው ውኃው ተስተካክሎም መበስበሱ ወደ ክንፉ ሥር መገስገሱን ካላቆመ ነው። ሥሩ ድረስ ካለቀ ክንፉ ዳግም አይበቅልም፤ ስለዚህ ያኔ አትዘግዩ።

«ማታ ማጣሪያው ይጥፋ፣ መብራት ይቆጥባል»

አይጥፋ። ማጣሪያው ውኃውን እያንቀሳቀሰ አየር እንዲገባበት ያደርጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማርቆስ ላይ ይብሳል። መብራት ራሱ ሲጠፋስ? በጆግ እየቀዱ፣ ጠላ እንደሚቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር ነው። ረዘም ያለ ጊዜ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ አለቅልቃችሁ መልሱ። ውስጡ የታመቀው ውኃ ተበላሽቷል።

«ምስኪን ርቦት ነው የሚከተለኝ»

ጎልድፊሽ ሁልጊዜ ይከተላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የዳቦ ፍርፋሪ መጣል የአሞኒያ ምንጭ ነው። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ይበቃል። አክስቴን «ረቡዕና ዓርብ አብረዎት ይጹሙ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን አደረጉት። ጤነኛ ዓሣ አንድ ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም።

«አሁን ደግሞ ጫፉ ላስቲክ መሰለ!»

ከወር በኋላ በዚህ ጩኸት ነው የደወሉት። ሁለቱን ዓሦች ለጎረቤት ሰጥተዋል፣ ውኃውን በየሳምንቱ ሩብ ሩብ ቀይረዋል። «ጫፉ ላይ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ወጣበት። መድኃኒት ልግዛ?»

«ነጭ ነው? እንደ ጥጥ ያለ ነገርስ አለው?»

«የለውም። እንደ ቀጭን ፌስታል ነው።»

«ይተዉት አክስቴ። እሱ አዲስ የበቀለው ክንፍ ነው።»