ለረጅም ጊዜ የነርቭ ሕመሞች የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ

ፓሊዬቲቭ ኬር ወይም የማስታገሻ እንክብካቤ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ካንሰርንና የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ነው። የእንክብካቤው ሥራ ግን ስቃይን ማቅለል ነው። ስቃዩ የሰውነት ሊሆን ይችላል፤ የሐሳብ፣ የመንፈስ ወይም የቤተሰብም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን፣ ገና በበሽታው መጀመሪያ እንዲሰጥ ይመክራል። ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና የሚያንቀጠቅጥ ሕመም)፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የነርቭ ሽፋንን የሚያጠቃበት)፣ ኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች የሚሞቱበት) እና ሀንቲንግተን (በዘር የሚተላለፍ የአንጎል ሕመም) እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የላቸውም። ሰው አብሯቸው ዓመታት ይኖራል። ይህ እንክብካቤ በነርቭ ክሊኒክ ውስጥ ቦታ ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመሠረቱት ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ (በጠና የታመሙ ሰዎች የሚታገዙበት ተቋም) ከካንሰር ሕሙማን ጋር የኤኤልኤስ ሕሙማንንም ያስተናግድ ነበር። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ ግን የነርቭ ሐኪሞች የማስታገሻ እንክብካቤን መርሆች ማወቅ አለባቸው ብሎ አቋሙን ያወጣው በ1996 ነው። የአውሮፓ ባለሙያዎች የጋራ ምክረ ሐሳብ የወጣው ደግሞ በ2016 ነው።

ትልቁ አስቸጋሪ ጥያቄ «መቼ ይጀመር?» የሚለው ነው። ኤኤልኤስ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መተንፈሻ ጡንቻዎችን ያደክማል፤ ከ10 ዓመት በላይ የሚኖሩ ግን አሉ። ፓርኪንሰን ሃያ ዓመትም ሊዘልቅ ይችላል። መልቲፕል ስክለሮሲስ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይተኛል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ቀረው?» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የሚሻለው ምልክቶችን መከታተል ነው፦ ለመዋጥ መቸገር፣ ምግብ ትን እያለ የሚመጣ የሳንባ ምች፣ የክብደት መቀነስ፣ የሚደጋገም ኢንፌክሽን፣ የማሰብ ችሎታ መድከም። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ የሕመምተኛው ፍላጎት እንደገና ይፈተሻል።

ቶሎ መጀመር የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቹ የነርቭ ሕመሞች ንግግርን ወይም ማስተዋልን ይነጥቃሉ። የመመገቢያ ቱቦ በሆድ በኩል ይግባ ወይስ አይግባ? በጭንብል አየር የሚሰጥ መሣሪያ ይፈለጋል? ሕመምተኛው ራሱ መናገር ካቃተው መልሱ የቤተሰብ ግምት ይሆናል። ቱቦውም ቢሆን የመተንፈስ አቅም በጣም ከመዳከሙ በፊት ቢገባ አደጋው ያንሳል። ውይይቱ ይከብዳል፤ ቢዘገይ ግን ይብሳል።

የዕለት ተዕለት ሥራው ዝርዝር ነገር ይበዛበታል። ለተገተረ ጡንቻ ባክሎፌን አለ፤ ለሚዝረከረክ ለሃጭም መድኃኒት አለ። በኤኤልኤስ ለሚመጣ የትንፋሽ እጥረት በጥንቃቄ የሚሰጥ አነስተኛ ሞርፊን ይረዳል። የሆድ ድርቀትና እንቅልፍ ማጣትም አይናቁም። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ፓርኪንሰን ነው። በሌላ ሕመምተኛ ላይ ለማቅለሽለሽ ወይም ለመቃዠት ብዙ ሳይታሰብበት የሚታዘዙት ሜቶክሎፕራማይድና ሃሎፔሪዶል እዚህ በሽታውን ያባብሳሉ። ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓም በድንገት መቆም የለበትም፤ ከቆመ ሰውነት ክፉኛ ይገተራል። መዋጥ ለማይችል ሰው በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሮቲጎቲን የተባለ የፓርኪንሰን መድኃኒት አንዱ አማራጭ ነው። ይህን የማያውቅ የማስታገሻ ቡድን ሳያስበው ሊጎዳ ይችላል። የነርቭ ሐኪሙ በበኩሉ ስለ ከባድ ጉዳዮች የመወያየት ልምድ ላይኖረው ይችላል። ሕመምተኛውን አንዱ ለሌላው ማስተላለፉ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ አብረው መሥራት አለባቸው።

ይሠራል ወይ? በ2020 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት 210 የፓርኪንሰንና ተዛማጅ ሕመሞች ታካሚዎችን ይዞ ነበር። የተቀናጀ እንክብካቤ ያገኙት በስድስት ወር ውስጥ የተሻለ የኑሮ ጥራት ታይቶባቸዋል። በዚያው ዓመት የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ግን ለአጭር ጊዜ በተሰጠ እንክብካቤ በዋና ዋና ምልክቶች ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። በእኔ ግምት ዓመታት ለሚቆይ ሕመም ጥቂት ጉብኝት አይበቃም።

አስታማሚውም የእንክብካቤው አካል ነው። ሌሊት የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያነሳው እሱ ነው። ፋታ ካላገኘ እሱም ይታመማል። በሀንቲንግተን ደግሞ ሸክሙ ይደረባል፤ እናቱን ወይም አባቱን የሚያስታምም ልጅ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ የዘረመል ምርመራ ምክር ከዚሁ አገልግሎት ጋር ይያያዛል፤ ከሞት በኋላ ለቤተሰቡ የሚሰጠው የሐዘን ድጋፍም እንዲሁ።