ካታሊቲክ ኮንቨርተር ምንድን ነው? ማጣሪያ እንዳትሉኝ ብቻ!

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ቪዲዮ እየተዘዋወረ ነው። ሰውየው የቪትዝ ጭስ ማውጫ ፈትቶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ወደ ካሜራው ያስጠጋና "ይሄ የጭስ ማጣሪያ ነው፤ ሲደፈን መኪናችሁን ያፍናል፣ ቤንዚን ያስበላል" ይላል። ከዚያ ውስጡን ነድሎ ሊያወጣ መሮና መዶሻ ያነሳል። ከቪዲዮው ሥር ያለው የተመልካቾች ምርቃት ለጉድ ነው። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ስንቴ ዝም ልበል?

ማጣሪያ አይደለም። የዘይት ማጣሪያ ቆሻሻ ይይዛል፣ ይሞላል፣ ይቀየራል። የአየር ማጣሪያም እንደዚያው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ግን ይዞ የሚያስቀረው ነገር የለም። የገባው ጭስ በሙሉ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ገብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ተፈትተው የምንተነፍሰው ተራ ናይትሮጅን ይሆናሉ። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ አምራቹን ለዚህ ዕቃ የ8 ዓመት ወይም የ80 ሺህ ማይል ዋስትና ያስገድደዋል፤ በእኛ ወደ 129 ሺህ ኪሎሜትር ማለት ነው። እስቲ ለማጣሪያ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ማን ነው?

ውስጡ ያለው ሴራሚክ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች አንድ ካሬ ኢንች ላይ 400 ያህል ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል፤ ሲደመሩ ጥቂት ግራም ቢሆኑ ነው። እነዚህ ብረቶች የሚሠሩት የደላላ ሥራ ነው። ሻጭና ገዥ ብቻቸውን ቢተዉ አጠገብ ላጠገብ ይተላለፋሉ። ደላላው ያገናኛቸዋል፣ ይስማማሉ፣ ይሄዳሉ። እሱ እዚያው ቆሞ ቀጣዮቹን ይጠብቃል። የኛው ደላላ ደግሞ ኮሚሽን አይበላም፤ ከንግዱ ምንም አይወስድም፣ ምንም አይጨምርም፣ ስለዚህ በሥራ ብዛት አያልቅም።

ግን ጠባይ አለው። ጠዋት በብርድ አይሠራም፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሞቀ አይነቃም። ሞተሩ ተነስቶ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወጣው ጭስ ያለ ደላላ የሚያልፍ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ከሰፈር ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና ብዙውን ጊዜ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው የሚኖረው። (በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ መኪና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቶሎ ይበሰብሳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል፤ ቧንቧው ካልሞቀ ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ሥሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ካለች ለዚያ ነው የተሠራችው፤ ኧረ እባካችሁ አታስበይዷት።)

ደላላው ሁለቱም ወገኖች፣ ቤንዚኑና አየሩ፣ በልክ ካልመጡለትም አይሆንለትም። ልኩ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው። ይህን የሚጠብቀው ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው ኦክስጅን ሴንሰርና ኮምፒውተሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሯ ስስ ነው፤ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ራሱ ያስተካክላል። በካርቡራተር ለሚሠራ አሮጌ መኪና ይህን ሁሉ እርሱት፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "አንተ ማጣሪያ አይደለም ትላለህ፣ እኔ ግን የተደፈነ በዓይኔ አይቻለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ይደፈናል። ግን በጭስ ሞልቶ አይደለም፤ ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ ነው። አንዱ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ወይም ለእሱ ኤሌክትሪክ የሚልከው ኮይል ሲበላሽ በዚያ ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ከነአየሩ እየተገፋ ይሄድና ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቃጠላል። ሴራሚኩ የሚቀልጠው 1,450 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ "መኪናዬ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች" እያለ ወር ሙሉ የሚነዳ ሰው እዚያ ሊያደርሰው ይችላል። ገበያው በአንድ ጊዜ ደላላው ላይ ተደረመሰበት ማለት ነው።

ሌላው አሟሟት ጸጥ ያለ ነው። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ብረቶቹን ይሸፍናቸዋል። ደላላው አለ፣ ወንበሩ ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል። ድሮ ይህን የሚያደርገው ሊድ (እርሳስ) ያለው ቤንዚን ነበር፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ኮንቨርተር ሲገጥሙ ሊድ የሌለው ቤንዚን አብረው ማቅረብ የነበረባቸው ለዚህ ነው። ሲሊኮንም ያው ነው። ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) የሚተካ እየመሰለው ለሴንሰር የማይስማማ ሲሊኮን ሞተሩን የሚለቀልቅ መካኒክ ሴንሰሩንም ኮንቨርተሩንም አብሮ ይመርዛል።

ልብ በሉ፣ በሁሉም መንገድ ኮንቨርተሩ ተጎጂ ነው። ጥፋተኛው ካንዴላው፣ ኮይሉ ወይም ያለቀው፣ ዘይት የሚያስበላው የፒስተን ፋሻ ነው። የቪዲዮው ሰውዬ የሞተውን አውጥቶ ገዳዩን እዚያው ይተወዋል።

"ውስጡን ነድዬ ባወጣው ጉልበት ጨመረልኝ"ስ? ቀልጦ ከነበረ አዎ፣ ይጨምራል፤ ጉሮሮው የታነቀ ሞተር ነበራ! ደህና ከነበረ ግን በ1.3 ሊትር ሞተር ላይ የምታገኘው በአብዛኛው ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ፈጣን የሆንክ ያስመስልሃል። መታፈኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። የፊተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት ጌጅ መግጠም ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በታች፣ 2,500 ዙር ላይ ከ3 በታች ከሆነ ኮንቨርተሩን ተዉት፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው። መሮ ከማንሳት በፊት ይህን ያደረገ ቪዲዮ እስካሁን አላየሁም።

በኦሞና በሙቅ ውሃ እጠቡት የሚለውም አለ። የቀለጠ ሴራሚክ በኦሞ አይመለስም፣ በቃ። የሚነድሉት ሰዎች ደግሞ ብናኙን ያለ ማስክ ይስቡታል፤ ለሳንባ መጥፎ ነው። ከተነደለ በኋላ የኋለኛው ሴንሰር የፊተኛውን እየተከተለ መዋዠቅ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩም ደላላው እንደሌለ ገብቶት ፒ0420 የሚል የብልሽት ኮድ መዝግቦ የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል። መብራቱን ለማጥፋት ሴንሰሩን በስፔሰር ከጭሱ ያርቁታል። መብራቱ ይጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን በግቢ ውስጥ መኪናዋን አስነስታችሁ ስታሞቁ በመስኮት ቤት ይገባል።

ፒ0420 ባየ ቁጥር ኮንቨርተር የሚቀይርም አለ፣ እሱንም አልወደው። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ካፈሰሰ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሴንሰሩ ቤንዚን ያነሰ ይመስለዋል፣ ኮምፒውተሩ ይጨምራል። መኪናው ቤንዚን ይበላል፣ ኮንቨርተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። በአንድ ጓርኒሲዮን የሚያልቅ ነገር ነው።

አንዳንዱ ጋራዥ "አያስፈልግህም፣ አውጥቼ ቀጥታ ቧንቧ ልበይድልህ" ሲላችሁ አሮጌው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ አውንስ ሮዲየም ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በፕሪየስ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ሌባ ከመኪናቸው ሥር ገብቶ በመጋዝ ቆርጦ የሚሄደው ቧንቧ ፈልጎ አይደለም። እዚያ አገር ደግሞ ሆን ብሎ ማውጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ለቤንዚን ነው። አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ እውነተኛ ማጣሪያ አለ፤ ይሞላል፣ በየጊዜውም ራሱን አሙቆ ያቃጥለዋል። ሁለቱ የተምታቱት ከዚያ ይመስለኛል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለንን ይዘን ነው የምንቆየው፤ ስለዚህ ለመቀየር ሶማሌ ተራ የምትሄዱ ያገለገለውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ በቀዳዳዎቹ ተመልከቱ። ብርሃን ከዳር እስከ ዳር እኩል መታየት አለበት። በጆሯችሁ አጠገብ ወዝውዙት፤ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል፣ መልሱለት። ደህናውን ካገኛችሁም ከመግጠማችሁ በፊት ካንዴላውንና ኮይሉን አስፈትሹ፣ ዘይቱ እየጎደለ እንደሆነም እዩ፤ አለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።