ሻፊዒም ቲጃኒም መሆን ይቻላል?

ጅማ ውስጥ ስለ አንድ ሼህ ሲወራ፣ አንዱ «ሻፊዒ ናቸው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ቲጃኒ ናቸው»። ክርክሩ ከንቱ ነው፤ ሁለቱንም ሊሆኑ ይችላሉ። ሻፊዒ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መዝሀብ፣ ማለትም የሕግ አረዳድ መንገድ ነው፤ ሶላትና ውርስን የመሰለውን የሚዳኝ። ቲጃኒያ ደግሞ የሱፊ ጠሪቃ (የመንፈሳዊ ሥርዓት መንገድ) ነው፤ በየቀኑ የሚባል ውርድ (የተወሰነ ዚክርና ዱዓ) አለው።

ዋናው ግራ መጋባት ጠሪቃ ከጠሪቃ ሲገናኝ ነው። ሌላው ጠሪቃ ቃዲሪያ በ1166 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ያረፉትን አብዱልቃዲር ጀይላኒን ይከተላል። ቲጃኒያ በ1815 እ.ኤ.አ. በሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ ያረፉትን አህመድ አት-ቲጃኒን። ቲጃኒያ ጠበቅ ይላል፦ የገባበት ሰው የሌላውን ጠሪቃ ውርድ ይተዋል፤ ደርቦ መያዝ የለም። ስለዚህ የአንድ ሼህ ታሪክ «ቃዲሪ ነበሩ፣ ኋላ ቲጃኒ ሆኑ» ቢል፣ መዝሀብ ቀየሩ ማለት አይደለም።