«የሥራ ትውስታ» ምን ማለት ነው?

በሥነ ልቦናና በአንጎል ጥናት ውስጥ «የሥራ ትውስታ» የሚባለው ከመሥሪያ ቤት ጋር ግንኙነት የለውም፤ መረጃን ለጥቂት ሰከንዶች በአእምሮ ይዞ፣ በዚያው ቅጽበት የማገላበጥ ችሎታ ነው። ባሕር ዳር፣ በጣና ዳር አሳ የሚሸጡ አንዲት እናት የሦስት ቀረሶና የሁለት አምባዛ ዋጋ በቃላቸው ደምረው፣ ከተቀበሉት ብር ቀንሰው መልስ ሲሰጡ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። በመሀል ሌላ ገዢ ዋጋ ቢጠይቃቸው ድምሩ ይጠፋባቸውና ከመጀመሪያው ይነሣሉ፤ ይህን የመርሳት ሕመም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አላን ባድሌይና ግራሃም ሂች በ1974 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ የሥራ ትውስታ ከአጭር ጊዜ ትውስታ የሚለየው መያዝን ከመሥራት ጋር ማጣመሩ ነው። ልዩነቱ በምርመራ ላይ ጎልቶ ይታያል፦ ባለሙያው «4፣ 9፣ 2፣ 7» ብሎ በሰከንድ አንድ ቁጥር ሲያነብ፣ እንዳለ መድገም በአብዛኛው መያዝን ብቻ ይጠይቃል፤ «7፣ 2፣ 9፣ 4» ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ግን ማገላበጥንም ይሻል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ድባቴ ውጤቱን ሊቀንሱት ስለሚችሉ፣ በዚህ አንድ ፈተና ብቻ ልጅን «ሰነፍ» ማለት ፈጽሞ አይገባም።