የተጫዋች ፓስፖርት ምንድን ነው?

እሑድ ጠዋት ጃንሜዳ ልጆች ሲሠለጥኑ ከዳር ቆመው የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ውሃና ሹራብ ይዘው ይመጣሉ፤ ኳስ ልጃቸው እግር ሥር ሲገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ከእነሱ አንዷ በቀደም ከቦርሳዋ አዲስ ፓስፖርት አውጥታ አሳየችኝ። «ወንድሜ፣ ወኪል ነኝ ያለ ሰው ውጭ ለመጫወት መጀመሪያ የሚጠየቀው ፓስፖርት ነው ብሎን ተሯሩጠን አወጣንለት። አሁን ምን ይቀረናል?» ልጁ 14 ዓመቱ ነው።

ወኪል የተባለው ሰው ቃሉን ያገኘው ከትክክለኛው ቦታ ነው፤ ትርጉሙን ግን አዛብቶታል። እግር ኳስ የራሱ ፓስፖርት አለው። ቪዛ አይመታበትም፣ ቦሌ ላይም አይታይም። የተጫዋች ፓስፖርት የሚባለው፣ አንድ ተጫዋች 12 ዓመት ከሞላበት ዓመት ጀምሮ የተመዘገበባቸውን ክለቦች በሙሉ በቅደም ተከተል የያዘ ሰነድ ነው። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የት ነበር? አማተር ነበር ወይስ ፕሮፌሽናል? በቋሚነት ወይስ በውሰት? ይህን ሁሉ ይመልሳል። የሚያወጣውም ተጫዋቹ የተመዘገበበት አገር ፌዴሬሽን እንጂ ክለቡ ወይም ወኪሉ አይደለም።

ታዲያ ሊቨርፑል ወይም የደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ የሚገዛው ተጫዋች በ12 ዓመቱ የት ኳስ ይጫወት እንደነበር ማወቅ ለምን አስፈለገ? ልጁን ላሳደጉት የሚከፈል ገንዘብ ስላለ ነው።

ነገሩ ከቦስማን ፍርድ ይጀምራል። የቤልጂየሙ ዣን ማርክ ቦስማን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1995 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ሲረታ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ። ለተጫዋቾች ነፃነት ነበር። ታዳጊ አሠልጥኖ የሚኖር ትንሽ ክለብ ግን የለፋበትን በምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ተከተለ። ፊፋ ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ከተስማማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የዝውውር ደንብ ሁለት ክፍያዎችን ሠራ፤ የሥልጠና ካሳና የሶሊዳሪቲ (የመደጋገፍ) ክፍያ። በስታዲየም ዙሪያ ሻይ ቤቶች ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያወራ እሰማለሁ። የተለያዩ ናቸው።

የሥልጠና ካሳ የሚከፈለው ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮፌሽናል ሆኖ ሲፈርም ነው። ከዚያ በኋላም 23 ዓመት የሚሞላበት ዓመት እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሌላ አገር በተዛወረ ቁጥር ይከፈላል። በመጀመሪያው ፊርማ ያሠለጠኑት ክለቦች ሁሉ ይካፈሉታል፤ በኋለኞቹ የሚያገኘው የመጨረሻው ክለብ ብቻ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው በወሳጁ ክለብ ደረጃ ነው። የአውሮፓ አንደኛ ደረጃ ክለብ ለእያንዳንዱ የሥልጠና ዓመት 90,000 ዩሮ፣ ሁለተኛው 60,000፣ ሦስተኛው 30,000፣ አራተኛው 10,000 ተተምኖበታል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለው ጊዜ ግን ወሳጁ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን በዝቅተኛው ተመን ይታሰባል። በአፍሪካ ያለው ተመን ለሦስተኛ ደረጃ 10,000 ዶላር፣ ለአራተኛ 2,000 ዶላር ነው። ይህ ካሳ ለሴቶች እግር ኳስ አይሠራም። ሎዛ አበራ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወት ይህ በር ለአሳዳጊዎቿ ዝግ ነበር ማለት ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ የደንቡ ክፍል ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ የሶሊዳሪቲ ክፍያ፣ የዕድሜ ገደብ የለውም። ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ በዝውውር ገንዘብ በተሸጠ ቁጥር፣ 30 ዓመት ቢሞላውም እንኳ፣ ከክፍያው 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ክፍያ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው።

በቁጥር ላሳይ። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ በአንድ የታዳጊ ፕሮጀክት፣ ከ16 እስከ 18 በአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን፣ 19ኛና 20ኛ ዓመቱን በሌላ የፕሪምየር ሊግ ክለብ ያሳለፈ የአዲስ አበባ ልጅ እናስብ። በ21 ዓመቱ ውጭ ወጣ፤ በ24 ዓመቱ በ4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። አምስት በመቶው 200,000 ዩሮ ነው። ፕሮጀክቱ 40,000፣ ተስፋ ቡድኑ 60,000፣ የሊጉ ክለብ 40,000 ይደርሰዋል፤ የቀረው 60,000 እስከ 23 ዓመቱ የያዘው የውጭ ክለብ ድርሻ ነው። ኳስና ማልያ ለመግዛት ከወላጅ በሚሰበሰብ መዋጮ ለሚኖር ፕሮጀክት 40,000 ዩሮ ምን ማለት እንደሆነ ጃንሜዳ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ቢሸጥ ደግሞ እንደገና ይካፈላሉ።

የመሐመድ ሳላሕን መንገድ እንይ። ከናግሪግ መንደር በአውቶቡስ ሰዓታት እየተጓዘ ካይሮ የሠለጠነው በአል ሙቃውሉን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ስዊዘርላንዱ ባዝል ሄደ። ከዚያ ቼልሲ፣ ሮማ፣ በ2017 ሊቨርፑል። ክፍያ በነበረበት ዝውውር ሁሉ የካይሮው ክለብ ድርሻዬን የሚልበት መብት ነበረው፤ ስሙ በልጁ ምዝገባ ላይ አለና። ሳዲዮ ማኔም እንዲሁ ነው፤ ከዳካሩ ጄኔራሲዮን ፉት ወደ ሜትዝ፣ ከዚያ ሳልዝበርግ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ሊቨርፑል፣ ባየርን። ጄኔራሲዮን ፉት አካዳሚ ነው፤ ግን በአገሩ ፌዴሬሽን ሥር ያለ ክለብም ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

የእኛዎቹም ወጥተዋል። ሳላዲን ሰኢድ በግብፅ፣ በቤልጂየምና በአልጄሪያ ተጫውቷል። ጌታነህ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2013 ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ፣ ጋቶች ፓኖም በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ሄደዋል። ሽመልስ በቀለ ለብዙ ዓመታት በግብፅ ሊግ ተጫውቷል። አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አስቆጥሮ በ2022 ከቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። በቲቪ ስናያቸው የምናነሳው የወሰዳቸውን ክለብ ነው። በ13 ዓመታቸው ታኬታ ያሰራቸው ሰው ስም አይነሳም፤ በሰነድ ላይም ከሌለ ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው።

የእኛ ችግር ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ውል ነው። በሊጋችን የአንድና የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ነው፤ ተጫዋቹ የፊርማ ገንዘብ ይቀበላል፣ ውሉ ሲያልቅ መልቀቂያውን ይዞ ወደ ሌላ ይፈርማል። የዝውውር ክፍያ በሌለበት የሶሊዳሪቲ ክፍያ የለም፤ የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነፃ ውጭ ከወጣ፣ ዕድሜውም ከ23 ካለፈ፣ አሳዳጊዎቹ በዚያ ዝውውር ምንም አያገኙም።

ሁለተኛውና ለእኔ የባሰው ምዝገባ ነው። ፓስፖርቱ የሚጽፈው የተመዘገበውን እንጂ የሆነውን አይደለም። ከፌዴሬሽኑ ጋር ያልተሳሰረ የሰፈር ቡድን አራት ዓመት ቢያሠለጥን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክርለት፣ በሰነዱ ላይ ያ ጊዜ ባዶ ነው። የተመዘገቡት ክለቦችም ዘንድ ለልጁ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) የሚወጣለት ውድድር ሲቃረብ ነው፤ በ12 ዓመቱ ገብቶ በ15 ዓመቱ ቴሴራ ያገኘ ልጅ ሦስት ዓመቱ ጠፋ።

ከዚያ የልደት ቀን አለ። ጥቅምት 5 ቀን 1998 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 2005 ነው የተወለደው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚጨመረው 7 ነው። መዝጋቢው በልማድ 8 ደምሮ 2006 ብሎ ከጻፈው ልጁ በአንድ ዓመት ያንሳል፤ 12 የሞላበት ዓመትም ከ2017 ወደ 2018 ይሸሻል። በዚያ ዓመት ያሠለጠነው ክለብ ድርሻውን ያጣል። በኋላ ከሌላ ሰነድ ጋር ሲጋጭ ደግሞ ልጁ ዕድሜ አጭበርብሯል ይባላል፤ ምንም ያላደረገ ልጅ።

ስምም እንዲሁ ነው። ፊፋ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የመለያ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት አለው፤ ቁጥሩ ከተጫዋቹ ጋር ከአገር አገር ይዞራል። በእኛ አገር ግን አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። አንዱ ቦታ የአባት ስም ይበቃል፣ ሌላው ቦታ የአያት ይጨመራል። አንድ ልጅ ሁለት ሰው ሆኖ ሲመዘገብ ታሪኩም ለሁለት ይከፈላል፤ የታዳጊነት ዘመኑ በማይታየው ግማሽ ላይ ይቀራል።

ድሮ እነዚህን ክፍተቶች በክርክር መሙላት ይቻል ነበር፤ ክለቡ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፊፋ ዘንድ ይከሳል። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ጀምሮ ግን ክፍያው የሚያልፈው ፓሪስ ባለው በፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ (የክፍያ ማጣሪያ ተቋም) በኩል ነው። ክፍያ የሚያስከትል ዝውውር ሲፈጸም ሥርዓቱ ከየአገሩ ፌዴሬሽን መዝገብ እየሰበሰበ የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርቱን ይሠራል። ቢያንስ ለ10 ቀን ክለቦችና ፌዴሬሽኖች እንዲያዩት ይከፈታል፤ የተሳሳተ ካለ በማስረጃ ይታረማል፣ ከዚያ ይጸድቃል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትንሹ ክለብ ተጫዋቹ መሸጡን ከሬዲዮ እስኪሰማ መጠበቅ የለበትም። ግን መዝገቡ ባዶ ለሆነበት ክለብ የተሻለ ሥርዓት ምንም አያመጣለትም። ክለቡ ፈርሶ ከሆነም፣ ፌዴሬሽኑ ይህንን በማስረጃ ካሳየ የሶሊዳሪቲውን ድርሻ ለታዳጊዎች ልማት ሊቀበል ይችላል። እኛ ጋ የድርጅቱ በጀት ሲቋረጥ የሚበተን ክለብ ስላለ ይህ አንቀጽ ሊታወቅ ይገባል።

ለእናቲቱ አንድ ነገር ጨመርኩላት። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከአገር አገር ማዛወር በፊፋ ደንብ የተከለከለ ነው። ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። የ14 ዓመት ልጅ በወኪል እጅ ለሙከራ ሄዶ እዚያው ይፈርማል የሚባል ነገር የለም። ለሰውየው ገንዘብ ከፍላ እንደሆነ ጠየቅኳት። ገና አልከፈለችም።

ከዚያ ወደ ኮች ወሰድኳት። ኮች ከ40 በላይ ልጆች በአንድ የተማሪ ደብተር ይዟል፤ ስም፣ ሰፈር፣ የጫማ ቁጥር፣ የመጣበት ቀን። የልደት ቀን ግን አልጻፈም ነበር። ልጇ ሜዳ ውስጥ ይሮጣል፤ እሷ ቆማ ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር አስጻፈችው፣ የስሙን አጻጻፍም ከያዘችው ፓስፖርት ላይ ፊደል በፊደል አስቀዳችው። ኮችም ፕሮጀክቱን በክፍለ ከተማው ፌዴሬሽን ለማስመዝገብ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ለመጠየቅ ሰኞ ሊሄድ ደብተሩን ይዞ ወጣ።