ላይቭ፣ ቨርቹዋል፣ ኮንስትራክቲቭ፦ ወታደራዊ ሲሙሌሽን ስንት ዓይነት ነው?

በወታደራዊ ስልጠና ሲሙሌሽን ሲባል ብዙ ሰው ስክሪን ብቻ ይታየዋል። ዓይነቱን ለመለየት ግን ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ሰውየው እውነተኛ ነው? መሣሪያውስ?

ሁለቱም እውነተኛ ከሆኑ «ላይቭ» ይባላል። የማስመሰል የሆነው ጉዳቱ ብቻ ነው። የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበትን ማይልስ (MILES) የተባለ የሌዘር ማሰልጠኛ እንይ፦ ወታደሩ በገዛ ጠመንጃው አረር የሌለው ጥይት ሲተኩስ አፈሙዙ አካባቢ የተገጠመው ዕቃ የሌዘር ጨረር ይልካል። ጨረሩ ባላጋራው የለበሰውን መቀበያ ሲያገኝ መቀበያው ይጮኻል። ያለ ከለላ የሮጠ ሰው ጥፋቱን እዚያው፣ በሕይወት እያለ ይማራል። ይህ እጅግ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው እውነተኛ፣ መሣሪያው ግን የኮምፒውተር ሲሆን «ቨርቹዋል» ነው፤ በበረራ ማስመሰያ የሚሰለጥን አብራሪ እዚህ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ያሠራው ሲምኔትም የታንክ ማስመሰያዎችን በኔትወርክ አገናኝቶ የተራራቁ ቡድኖችን በአንድ ምናባዊ የጦር ሜዳ አዋጋ።

በ«ኮንስትራክቲቭ» ወታደሮቹም የሶፍትዌር ናቸው። አዛዦች ያዝዛሉ፣ ውጤቱን ኮምፒውተሩ ያሰላል። በዋናነት ለመኮንኖች ነው።

ለስልጠና የሚሠሩ ጌሞች (ሲሪየስ ጌም) አብዛኛውን ጊዜ ከቨርቹዋል ይመደባሉ። ጦር ያሠራው ጌም ሁሉ ግን ማሰልጠኛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አሜሪካስ አርሚ በዋናነት ለምልመላ የተሠራ ነበር። በእኔ እምነት ጌሙን ስልጠና የሚያደርገው የምስሉ ጥራት ሳይሆን ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ግምገማ ነው፦ ቅጂው ተመልሶ ይታያል፣ ማን የት እንደቆመና ለምን እንደተመታ በግልጽ ይነገራል።